ዝም ሲል የሚጠፋው ማተሚያ

አክስቴን በመሥሪያ ቤታችን በስሟ የሚጠራት አልነበረም። «ኦፕሬተሯ» ነበር የምትባለው። የስልክ ማዞሪያው ተነቅሎ ከተወሰደ ስንት ዘመኑ፤ ስሙ ግን ከላይዋ ላይ አልተነቀለም። ማዞሪያ የሚባል ነገር በዓይናቸው አይተው የማያውቁ አዲስ ተቀጣሪዎች ሳይቀሩ ኮምፒውተራቸው እንቢ ሲላቸው «ኦፕሬተሯን ጥሩልን» ይሉ ነበር።

መሥሪያ ቤታችን ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ነው። እኔ ምድር ቤት፣ መጽሐፍ ማዋሻው ባንኮኒ ላይ ነኝ። አክስቴ ወጣት ሳለች ከደረጃው ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ደፍታ፣ ገመድ እየነቀለች ገመድ እየሰካች የሕንፃውን ሰው ሁሉ ታገናኝ ነበር። ድምጿ ወፈር ያለና የማይቸኩል ነው። በንዴት ጦፎ የሚደውል ሰው ሲመጣባት ወዲያው አታገናኘውም። «አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ» ብላ ታቆየዋለች፤ እስኪበርድለት ትጠብቅና ከዚያ ታገናኘዋለች። «ስንቱን ጠብ ገመዱ ላይ አስቀርቼዋለሁ» ትላለች።

አላገባችም ነበር። ለምን ብለው ሲጠይቋት «መስመሩ ተይዞ ነበር» ብላ ትስቃለች። እናቴ ታላቅ እህቷ ስለሆነች መጀመሪያ መከረቻት፣ ቀጥላ ተቆጣቻት፣ በመጨረሻም ሰልችቷት ተወቻት። እኔ ግን ከማዞሪያው ዘመን የቀረ አንድ ነገር እንዳለ ዘግይቼ ነው የገባኝ። እሱም ጋሽ ነጥብ ናቸው።

ጋሽ ነጥብ የብሬል ክፍሉ አራሚ ነበሩ። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ዓይናቸው አያይም። ማየት የተሳናቸው ሰዎች በጣታቸው የሚያነቡት ጽሑፍ ከወረቀቱ ላይ ከፍ ከፍ ባሉ ነጥቦች የሚሠራ ነው፤ እሳቸው ደግሞ አንዲት ነጥብ ከጎደለች ገጹን ይመልሱት ነበር። ሥራ አስኪያጁም ቢለምናቸው አይሰሙም። ቅጽል ስማቸው ከዚያ የመጣ ነው፤ እሳቸውም ወደውታል።

ታዲያ በማዞሪያው ጊዜ ጋሽ ነጥብ ጠዋት ጠዋት ስልካቸውን አንስተው፣ «ደህና አደሩ ኦፕሬተር? ዛሬ ሰማዩ ምን ይመስላል?» ይሉ ነበር። የአክስቴ ክፍል መስኮት የሚባል ነገር የላትም። አክስቴ ማዳመጫውን አውልቃ፣ በኮሪደሩ ሮጣ እስከ በሩ ትሄድና ሰማዩን አይታ ትመለሳለች። «ደመና አለ፤ ግን የሚዘንብ አይመስልም። እንደ ተፈተለ ጥጥ ሳሳ ያለ ነው» ትላቸዋለች። አጠገባቸው የተቀመጠ ዓይናማ ባልደረባ ሞልቶላቸው ለምን ታችኛው ፎቅ ድረስ ደውለው እንደሚጠይቁ አንድም ቀን አልጠየቀችም። እሳቸውም ለምን እያለከለከች እንደምትመልስላቸው አልጠየቁም።

በኋላ ለየቢሮው ቀጥታ ስልክ ገባና ማዞሪያው ተነሳ። የጠዋቱ ስልክም በዚያው ቀረ። ኮሪደር ላይ ሲገናኙ «ደህና ዋሉ?» «እግዚአብሔር ይመስገን» ተባብለው ይተላለፋሉ። ከዚያ በላይ ምን ይበሉ?

አክስቴ ቤቷ ትገባለች ሲባል ኮምፒውተር እማራለሁ ብላ ተነሳች። ከልጆቿ እኩያዎች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጣ ተማረች፤ ልጅ ቢኖራት ማለቴ ነው። መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ፣ ያልገባትን ሳታፍር ደጋግማ እየጠየቀች ጨረሰች። ስትመለስ የሕንፃውን ኔትወርክ እንድትጠብቅ ተመደበች። «ድሮ ሰው ከሰው ነበር የማገናኘው፤ አሁን ዕቃ ከዕቃ ነው። ዕቃ ይሻላል፣ አያኮርፍም» አለችኝ። ዕቃም እንደሚያኮርፍ ያወቀችው ኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ ዋይፋይ ገባልን። ድሮ የነበረው እዚህም እዚያም የተሰቀለ፣ እያንዳንዱ በራሱ የሚያዝ ዓይነት ነበር። አዲሱ ግን አለቃ አለው። ጣሪያው ላይ ነጭ ሳህን የሚመስሉ ነገሮች ተለጠፉ፤ ሁሉንም የሚያዛቸው አንድ መቆጣጠሪያ ታች መሣሪያ ክፍል ውስጥ ተቀመጠ። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን የት ፎቅ ላይ ነው የሚለውን ሁሉ እሱ ያውቃል። የተከለችው ኢንጂነር ቀልደኛ ወጣት ናት፤ ከአክስቴ ጋር በአንድ ቀን ተዋደዱ። ንባብ ክፍሉ ውስጥ ኢንተርኔቱ እንደ ውሃ ፈሰሰ። ሁሉም ሰው መረቀ።

ከመዶሻው በቀር።

መዶሻው የብሬል ማተሚያው ነው። ወረቀቱን እየወጋ ነጥብ ስለሚያወጣ ሲሠራ ጣራ የሚቀጠቅጡ ነው የሚመስለው። አንባቢዎች ጭንቅላታችን ዞረ ብለው ሲያማርሩ ግቢውን ተሻግሮ ወዳለው አሮጌ ዕቃ ቤት ተወስዶ ነበር። እዚያ ድረስ ገመድ ስለማይደርስ ከጀርባው በዋይፋይ የምትሠራ አንዲት ትንሽ ሳጥን ተሰክታለታለች። ጋሽ ነጥብም አብረውት ተዛውረዋል። እርግጥ ጫጫታው እሳቸውንም ያደነቁራቸዋል፤ ግን ገጹ ሲወጣ በትኩሱ መዳሰስ ይወዳሉ።

አዲሱ ዋይፋይ በገባ ሰሞን መዶሻው ዝም አለ። ከዋናው ሕንፃ ገጽ ይላካል፤ አይደርስም። ኮምፒውተሩ «ማተሚያው አልተገኘም» ይላል። ማየት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ሊከፈት ተቃርቧል፤ ትንንሾቹ የሚያነቡት የተረት መጽሐፍ ገና ግማሹ አልታተመም።

የአክስቴ ስልክ ጮኸ።

«ደህና ዋሉ ኦፕሬተር? ነጥብ ነኝ።»

«ማን መሆንዎን መናገር ያስፈልግዎታል እንዴ?» አለች። አጠገቧ ነበርኩ፤ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ሲቀላ አይቻለሁ።

ላፕቶፗን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ግቢውን ተሻገረች። መዶሻውን አጥፍታ አበራችው። ቋ፣ ቋ፣ ቋ ብሎ ራሱን ፈተሸና ተነሳ። ገጽ ተላከለት፤ አተመ። ጋሽ ነጥብ ገጹን ዳስሰው «እጅዎ ይባረክ» አሉ። አክስቴ አንጀቷ ቅቤ ጠጥቶ ተመለሰች። ገና ወንበሯ ላይ ሳትደላደል ስልኩ ጮኸ። መዶሻው ጠፍቷል።

ያንን ሳምንት አክስቴ ግቢውን እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ስትመላለስበት ሰነበተች። እኔ ባንኮኒዬ ላይ ሆኜ በመስኮት አያታለሁ፤ አንዴ መሰላል ተሸክማ፣ አንዴ ገመድ አንገቷ ላይ ጠምጥማ። ምሳ ላይ ታስረዳኛለች።

«እዪ፣ ኔትወርክ ላይ የሚገባ ዕቃ ሁሉ አድራሻ ያስፈልገዋል» አለችኝ። «ያንቺ ስልክ ሲገባ "እባካችሁ አድራሻ ስጡኝ" ብሎ ይጠይቃል። ይሰጡታል። ነገ ሌላ ሊሰጡት ይችላሉ፤ ግድ የለውም። መዶሻው ግን አድራሻው ቋሚ ነው። ድሮ የጻፉለትን ይዞ ነው የሚገባው፤ ማንንም አይጠይቅም።»

«ታዲያ ሌላ ሰው አድራሻውን ወስዶበት ይሆናላ» አልኳት፣ ብልህ ለመምሰል።

«እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት እሱን ነው። መዶሻውን አጠፋሁትና በዚያ አድራሻ ጠራሁ። ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው ካለ "አቤት" ይላል አይደል? ማንም አላለም።»

ቀጥላ ሞገዱ አልደርስ ብሎት ይሆናል ብላ አንዱን ነጭ ሳህን ከዕቃ ቤቱ በር አጠገብ አሰቀለች። ሞገዱ ሞልቶ ፈሰሰ፤ መዶሻው ግን ያው። ትንሿን ሳጥን እንደ ሌሎቹ አድራሻ ጠይቃ እንድትወስድ ልታደርጋት ሞከረች። ሳጥኗ አሮጌ ናትና መጠየቅ የሚባል ነገር አልሆነላትም፤ ጭራሽ ጠፍታ ቀረች። ወደ ድሮዋ እስክትመልሳት ድረስ አክስቴ ላብ በላብ ሆነች። ባልደረቦቿም ነገሩ ቀልድ ሆነላቸው። «ኦፕሬተሯ ዕቃ ቤት ተከራየች» ይላሉ። ከእነሱ መካከል «ማተሚያው ነው ወይስ አራሚው?» ያለም አለ፤ እኔ በክፉ ዓይን አየሁት።

በየመሀሉ ግን እነሱ ሁለቱ ሲያወሩ ይውሉ ነበር። እሷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ላፕቶፗ ላይ ታፈጣለች፤ እሳቸው ጠረጴዛቸው ላይ ገጽ ይዳስሳሉ። አንድ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ነጥብ ጣታቸውን ከገጹ ሳያነሱ እንዲህ አሉ።

«ኦፕሬተር፣ ይኼ ዕቃ ሲጠፋ እኮ የሚጠፋበት ሰዓት አለው።»

«የምን ሰዓት?»

«ሥራ ሲበዛበት ጠፍቶ አያውቅም። ቀኑን ሙሉ ቢቀጠቅጥ ቀጥ ብሎ ይሠራል። የሚጠፋው እኔ ገጽ ሳርም ነው። ይኼን ሁለቱን ገጽ በደንብ ልያቸው ብዬ አስቆመዋለሁ፤ ጸጥ ይላል። ጨርሼ ቀጥሉ ስል የለም።»

አክስቴ ቀና አለች። «ዝም ሲል ነው የሚጠፋው?»

«ዝም ሲል።»

«እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩኝም?»

«እርስዎ ሲመጡ ወሬ እንይዛለን፤ ረሳሁት» አሉ።

ተነስታ ልብሷን ሳታራግፍ ለኢንጂነሯ ደወለች። «ልጄ፣ ዕቃዬ ዝም ሲል ነው የሚጠፋው። ሲያወራ አለ፤ ዝም ሲል የለም።»

ኢንጂነሯ ከወዲያ ማዶ ትንሽ አሰበችና «ኧረ እማማ፣ ገባኝ! አለቃው ረስቶት ነዋ!» ብላ ጮኸች።

ከዚያ ሁለቱም መሣሪያ ክፍል ውስጥ ተገናኝተው ቅንብሩን አብረው ሲያገላብጡ ዋሉ። ነገሩ አክስቴ በኋላ እንዳስረዳችኝ እንዲህ ነው። መቆጣጠሪያው የአንድን ዕቃ አድራሻ የሚያውቀው በሁለት መንገድ ነው። ዕቃው መጥቶ አድራሻ ሲጠይቅ ይሰማዋል፤ ወይም ዕቃው ራሱ ሲያወራ ይሰማዋል። መዶሻው አይጠይቅም። ሲነሳ ግን «እኔ እገሌ ነኝ» ብሎ ይናገራል፤ ያኔ ይታወቃል። ሥራ ላይ እያለም ስለሚያወራ ይታወቃል። ዝም ካለ ግን መቆጣጠሪያው ትንሽ ይጠብቅና ይረሳዋል። ከዚያ ኮምፒውተሩ መጥቶ «በዚህ አድራሻ ያለው ማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ መቆጣጠሪያው ጥያቄውን ወደ ውስጥ አያሳልፈውም። ለሚያውቃቸው እሱ ራሱ ይመልስላቸዋል፤ የማያውቀውን ግን የለም ብሎ ይተወዋል። ሰው እንዳይረበሽ ተብሎ የተደረገ ደግነት ነው፤ ለስልክና ለላፕቶፕ ይመቻል። መዶሻው ግን እዚያው ተቀምጦ፣ በርቶ፣ ጆሮውን አቁሞ ይጠብቃል። የሚጠራው የለም። ካልጠሩት ደግሞ አይናገርም።

«እኔ ማዞሪያ ላይ ሳለሁ እንዲህ ያለ ኦፕሬተር ቢኖር በሳምንቱ ይባረር ነበር» አለች አክስቴ።

ኢንጂነሯ እየሳቀች የመዶሻውን አድራሻ መቆጣጠሪያው ላይ በእጅ መዘገበችለት። ለዕቃ ቤቱ መስመር ብቻ ደግሞ ጥያቄው ሳይታገድ እንዲያልፍ አደረገች። «አሁን የቀረው መፈተን ነው። ዝም አሰኙትና ቆዩ፤ ድሮ ከሚረሳበት ጊዜ አሳልፉት። ማንም አይንካው፣ ምንም አይላክለት። ከዚያ ገጽ ይላክ» አለች።

ገጹን እንድልክ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። አክስቴ ሰዓቱን ነግራኝ «ከዚያ በፊት እጅሽ እንዳይነካ፤ ከዚያም እንዳታሳልፊ» አለችኝና ግቢውን ተሻገረች። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጬ የግድግዳውን ሰዓት ሳይ ቆየሁ።

ዕቃ ቤት ውስጥ የሆነውን ከሁለቱም ሰምቻለሁ፤ አይመሳሰልም። የሚስማሙበት ይህን ያህል ነው። ሁለቱም መዶሻው ፊት ለፊት ወንበር ስበው ተቀመጡ። መጀመሪያ ዕቃውን እንዳይቀሰቅሱት የፈሩ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚያወሩት። እኔ ከግቢው ማዶ ሆኜ ጭንቅ ውስጥ ነኝ፤ እነሱ ሹክሹክታ ይዘዋል።

በአክስቴ አነጋገር፣ ጋሽ ነጥብ ድንገት እንዲህ አሉ። «ማዞሪያው የተነሳ ሰሞን፣ ጠዋት ጠዋት ስልኩን አነሳና መልሼ አስቀምጠው ነበር።»

«ለምን ቀጥታ አልደወሉልኝም? ቁጥሬ እኮ እርስዎ ጋ ነበር።»

«ምን ብዬ? ኦፕሬተር ሲኖር የሚደወልለት ለሥራ ነው። ኦፕሬተር ከሌለ ግን የምደውለው ለእርስዎ ነው። ያ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ፈራሁ።»

አክስቴም «እኔ ደግሞ ይደውላሉ ብዬ ነበር» አለች።

በጋሽ ነጥብ አነጋገር ግን «ይደውላሉ» አላለችም፤ «ትደውላለህ ብዬ ነበር» ነው ያለችው። ከእርስዎ ወደ አንተ የተሻገሩት እዚያ ላይ ነው ይላሉ። እሷ «በፍጹም! እሱ ነው መጀመሪያ አንቺ ያለኝ» ብላ ትምላለች። እስከ ዛሬ አልተፈታም።

ከዚያ ጋሽ ነጥብ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ «እንግዲህ እኔ ወጣት አይደለሁም፤ አንቺም ብትሆኚ። ግን ዕቃ እስኪበላሽ ድረስ ሳንጠብቅ...» ብለው ጀመሩ።

እኔም በዚያች ደቂቃ ቁልፉን ተጫንኩ።

መዶሻው ተነሳ። ዕቃ ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ጋሽ ነጥብ ንግግራቸውን አላቋረጡም፤ አክስቴ ግን አንድም ቃል አልሰማችም። «ምን?» ትላለች። «... ብንኖር!» ይላሉ። «ምን?» «አብረን!» «አይሰማኝም!» በመጨረሻ ተነስተው፣ እጃቸውን ወደ ድምጿ ዘርግተው፣ ትከሻዋን ሲያገኙ ጎንበስ ብለው ጆሮዋ ላይ ጮኹ። ያንን ጩኸት በረኛውም ሰምቶታል። የሕንፃው ሰው ሁሉ ያወቀው በእሱ በኩል ነው።

እኔ የሆነውን ሳላውቅ፣ ገጹ መድረሱን ስሰማ ከደስታዬ ብዛት ግቢውን በሩጫ ተሻገርኩ። በሩን ስከፍት አክስቴ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ታለቅሳለች፤ ጋሽ ነጥብ መሀረባቸውን ይዘው እጇን ይፈልጋሉ።

«ምነው፣ እንቢ አለ እንዴ?» አልኳት ደንግጬ።

«እንቢስ አላለም» አለች እንባዋን እየጠረገች። «እሺ ነው ያልኩት።»

የልጆቹ መጽሐፍ ትምህርት ቤቱ ሳይከፈት ደረሰ። እናቴ ዜናውን ስነግራት ድስቱን ምድጃው ላይ ትታ ወንበር ላይ ዘፍ አለች፤ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ አለቀሰች፣ ከዚያ «እኔን ያን ያህል አድክማኝ!» ብላ ተቆጣች። ሠርጉ እኛ ቤት ሆነ። ኢንጂነሯ ከሁሉ በላይ ጨፈረች።

አብሮ መኖሩ መጀመሪያ ላይ ቀላል አልነበረም። ጋሽ ነጥብ ቤት ውስጥ ስኒውም፣ ማበጠሪያውም፣ የቁልፉ ማንጠልጠያም ቦታ ቦታ አላቸው፤ ሳያዩ የሚያገኟቸው በዚያ ነው። አክስቴ ደግሞ ዕቃ ያነሳችበት ቦታ የማትመልስ ሴት ናት። አንድ ቀን የስኳር ዕቃውን መስኮት ላይ፣ የጨውን ደግሞ በስኳሩ ቦታ አስቀምጣ ጋሽ ነጥብ ቡናቸው ውስጥ ጨው ጨመሩ። አኮረፉ። ከማኩረፋቸው የተነሳ ጨዋማውን ቡና ጠጡት፤ «ጥሩ ነው» አሉ ፊታቸውን እያጨማደዱ። ከዚያ ወዲህ አክስቴ አንድ ዕቃ ባነሳች ቁጥር ጮክ ብላ ታሳውቃለች። ቤታቸው ስትገባ ከጓዳ «መቀሱን ወስጃለሁ! መቀሱን መልሻለሁ!» የሚል ድምፅ ትሰማለህ።

አሁን ሁለቱም ጡረታ ወጥተዋል። አክስቴ ብሬል እየተማረች ነው። አስተማሪዋ ርኅራኄ የላቸውም፤ አንዲት ነጥብ ካለፈች ከመጀመሪያው መስመር ያስጀምሯታል። ባለፈው እሑድ ልጠይቃቸው ስሄድ ከትንንሾቹ ተረት አንዱን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ በጣቷ እያዘገመች ታነብልን ነበር።

«አንበሳው... ከጫካ... ወጣና... ሎሚ... በላ።»

«ላም ነው!» አሉ ጋሽ ነጥብ ከወንበራቸው ብድግ ብለው። «ላም! አንበሳ ሎሚ ይበላል?»

አክስቴ ጣቷን ከመስመሩ ላይ አላነሳችም። «ይብላ» አለች። «ላሚቱም ትትረፍ።» ጋሽ ነጥብ ለመቆጣት አፋቸውን ከፈቱ፤ ሳቅ ቀደማቸው። እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፤ ተመልሰው ተቀመጡና «ከመጀመሪያው» አሉ።